የእናቴ ክንድ ቀለም

እናቴን የማያት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ሌላውን ቀን ሁሉ ላይኛው ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያዩት ፎቆች በአንዱ፣ የሰው ልጅ እያጠበች፣ የሰው ባቄላ እየቀቀለች፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ታድራለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ሰፈራችን ሲደርስ ከመጨረሻው ፉርጎ ትወርዳለች። አክስቴ ቫንዳ የቀሚሴን አንገት ከኋላ ጨምድዳ ይዛ ነው የምታስጠብቀኝ። ባትይዘኝ ሐዲዱ ላይ ወጥቼ ባቡሩን በእጄ ላቆመው የምነሳ ልጅ ነበርኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ከእናቴ ሌላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ላይ መሳል።

ግድግዳው የማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ማለት አምስት ሠዓሊዎች ናቸው፤ አምስቱም ጥቁሮች፣ አምስቱም የከተማችን የሳልቫዶር ትልልቅ የሥዕል ማሳያ አዳራሾች በር ላይ «ሥራችሁ ደስ ይላል፣ ግን ለእኛ ቤት ይጨልማል» ተብለው የተመለሱ። ተመልሰው አላለቀሱም። ዓሣ አጥማጆች በረዶ ያከማቹበት የነበረውን ከሐዲዱ አጠገብ ያለ አሮጌ መጋዘን ተከራዩና፣ በሳምንቱ የየራሳቸውን ሥራ እየሠሩ፣ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጅ ሰብስበው ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። አለቃ የለንም ይላሉ። ግን ዶና ኔይዴ ሲቆጡ አራቱም ብሩሻቸውን ያስቀምጡ ነበር።

ዶና እንደ ወይዘሮ ነው፤ ዶና ኔይዴ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ያደረጉት ነገር የእርሳስ ሳጥናችንን መፈተሽ ነው። ትምህርት ቤት «የቆዳ ቀለም» የሚባል እርሳስ ነበረን፤ ሮዝ። ያንን ከየሳጥኑ ለቀሙና ጭብጥ አድርገው ከፊታችን ቆሙ።

«ይሄ የማን ቆዳ ነው? ከእናንተ ውስጥ ባለቤቱ ማነው?»

ጂልሶን የሚባል ጎረቤቴ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ እጁን አወጣ። «የአሳማ ነው፣ ዶና ኔይዴ።»

እርሳሶቹን በሙሉ ለጂልሶን ሰጡት። «እንግዲያው አሳማ ስትስል ትጠቀምበታለህ» አሉት።

ከዚያ ሕጋቸውን ነገሩን። ከሱቅ የተገዛ ቡኒ የለም፤ ጥቁርም የለም። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቂት ነጭ ብቻ። «ከነዚህ ውስጥ እናታችሁን አውጡ» አሉ። «እኔ ስማር መምህሬ የኛን ቆዳ ‹ጥላ ነው፣ ጥላ አድርጊበት› ይለኝ ነበር። የሰው እናት ጥላ አይደለችም። የምታዩትን በጥብጡ፤ የምታስቡትን አይደለም፣ የምታዩትን።»

ፈተናው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። እናቶች ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ይደረደራሉ። ልጅ በሳምንቱ የበጠበጠውን ቀለም ይዞ ይመጣና እናቱ ክንድ ላይ አውራ ጣት የሚያክል ይቀባል። እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ዶና ኔይዴ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ክንዱን ያያሉ። ቀለሙ ከታያቸው «አየሁት» ይላሉ፣ ልጁም ወደ ብልቃጡ ይመለሳል። ካልታያቸው፣ ቀለሙ ከቆዳው ጋር አንድ ሆኖ ከጠፋባቸው ግን፣ «የታለ?» ብለው ይጮኻሉ። «የታለ?» የተባለለት ልጅ ሰፊ ብሩሽ ተሰጥቶት የእናቱን ፊት ግድግዳው ላይ ይስላል። ግድግዳው በሰኔ፣ እኛ በየደጁ እሳት ለምናነድበት ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ሊጠናቀቅ ነው።

የሌሎቹ ልጆች እናቶች አጠገባቸው ናቸው። ጂልሶን የእናቱ ቀለም ከጠፋው ዓሣ የምትጠርግበት ሄዶ ክንዷን አይቶ ይመለሳል። እኔ ከእሑድ ጠዋት እስከ ቅዳሜ የምበጠብጠው በልቤ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ክንዷን አስታውሳለሁ፣ ዓይኔን ከፍቼ ቀይ እጨምራለሁ። አክስቴ ቫንዳ «ይቺ ልጅ ልታብድ ነው» ትል ነበር። ማበዴ ሳይሆን መናፈቄ ነው። ቀለሙ ወደ እሷ ሲቀርብልኝ ሳምንቱ ያጠረልኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በጣም ቀላ።

«እናትሽን ጡብ አደረግሻት እኮ!» አለች የጂልሶን እናት፣ አግዳሚውም በሙሉ ሳቀ።

እናቴ ሳቀችባቸው። «ሳቁ እናንተ! ጡብ ቤት ይሠራል» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ሰማያዊ ጠብ አድርጊበት፣ ኢቮኔ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ከትምህርቱ የምትሰማው ነገር ሁሉ በልቧ ይቀር ነበር። ልጅ ሳለች እሷ ራሷ በከሰል ግድግዳ ላይ እየሳለች በቀበቶ መገረፏን አክስቴ ነግራኛለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶና ኔይዴ ከበሩ ወርደው እስከ ማንጎው ጥላ መጥተው ነው ቀለሙን ያገኙት። «ለጥቂት!» አሉ። «ለጥቂት አመለጥሽኝ። ትንሽ ብቻ ቀረሽ።» ትንሿን ነገር እዚያው ፊታቸው አስተካከልኩ። ፈተናው በቅዳሜ አንዴ ብቻ ስለሆነ ክዳኑን ጠርቅሜ ዘጋሁ፣ ሳምንቱን ሙሉም ብልቃጡን አልነካሁም። አልጋዬ ሥር ደብቄው ነበር የምተኛው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ቀለሙን ቀባሁት፣ ደረቀ። ዶና ኔይዴ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔው ራሴ አየሁት። እናቴ ክንድ ላይ እንደ ጠባሳ ጉብ ብሏል።

«ጂልሶን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አንድ ነገር ጨምሮበታል!»

«እኔ? ለገዛ እናቴ ቀለም ያልበቃሁት ሰውዬ ያንቺን ላበላሽ?»

«ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል» አለች እናቴ። «ቀለምም እንደ ወተት ይበላሻል።»

ዶና ኔይዴ ግን «አየሁት» አላሉም። መጡና የእናቴን ክንድ ያዙ። አገላብጠው መዳፏን አዩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ዓይኗን ትክ ብለው ተመለከቱ። ቀለም የገባባት መስሎኝ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ። ውሃውን ይዤ ስመለስ እናቴ የክንዷን ቀለም በጥፍሯ እየፋቀች ነው።

ዛሬ ያንን ቦታ ይዤ ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ልጅ ቀለም ሲስት ወዲያም ወዲህም ይስታል፤ አንድ ሳምንት ይቀላበታል፣ አንድ ሳምንት ይጠቁርበታል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳትኩት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነበር። በየሳምንቱ ካለፈው የበለጠ ቢጫ ያስፈልገኝ ነበር። ይህን እኔ ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ፤ ዶና ኔይዴ ግን በአንድ ማምሻ ተረድተውታል።

ከዚያ በኋላ ቀለሙ ይሸሸኝ ጀመር። ቅዳሜ የማየውን ክንድ በልቤ ይዤ እሑድ እጀምራለሁ፣ ዓርብ እጨርሳለሁ። ቅዳሜ ክንዱ ሌላ ነው። ዓይኔ የታመመ መሰለኝ። አንድ ቀን አክስቴ ቫንዳን «ዓይነ ስውር እየሆንኩ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «አንቺ? አንቺማ ጉንዳን ሲያዛጋ ታያለሽ» አለችኝ።

እናቴ ደግሞ ማከክ ጀመረች። ክንዷን፣ ሆዷን፣ መዳፏን ሳይቀር።

«ቀለሜ ነው የሚያሳክክሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ የኔ ሠዓሊ» አለች እየሳቀች። «ያንቺ ቀለም ነው። ሰኞም ማክሰኞም ያሳክከኛል። ባከክኩ ቁጥር አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ።»

ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ክንዷ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ሐሞት መሄጃ አጥቶ ወደ ደም ሲመለስ ቆዳን እንደዚያ እንደሚያሳክክ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ፣ ሐኪም ከሆነች ጓደኛዬ ነው። ስትነግረኝ ምሳ እየበላን ነበር። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ቅዳሜ ነው፣ ዝናብ ይዞናል። ሌሎቹ መጋዘኑ ውስጥ ይንጫጫሉ። እኔ ሸራ ከሚደገፍበት ጥግ ብሩሽ እያጠብኩ ነው፤ እናቴና ዶና ኔይዴ ከሸራው ወዲያ ማዶ ናቸው።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ ዳልቫ» አሉ ዶና ኔይዴ። «ከልጆቹ ሁሉ ዓይን ያላት እሷ ናት። አንቺ ትደብቂያለሽ፣ እሷ በየሳምንቱ በብልቃጥ ይዛ ትመጣለች።»

«እባክዎ ቀስ ይበሉ።»

«ሰኞ ሄደሽ ትታዪያለሽ።»

«ሴትየዋ ከሥራ አትለቀኝም። ከለቀቀችኝም አትመልሰኝም። ከዚያ ይቺን በምን አሳድጋታለሁ? በዓሉ ይለፍ።»

«እስከ በዓሉ?» የዶና ኔይዴ ድምፅ ተሰበረ። «አንቺ ሴት፣ እስከ በዓሉ ምን ቀረሽና ነው?»

«ለኢቮኔ ምንም አይንገሯት። በናትዎ። ትንሽ ትቆይ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር። ዶና ኔይዴ «ልጅቷ አልተሳሳተችም» ብለዋል፤ ፈተናውን አልፌያለሁ ማለት ነው። እናቴ «ትንሽ ትቆይ» ብላለች፤ ግድግዳው ላይ እንዳልሳል የምትከለክለኝ እሷ ናት ማለት ነው። ለምን? ምናልባት ፊቷን ሰው ሁሉ እንዳያየው። ምናልባት ላይኛው ከተማ ያለችው ሴትዮ በባቡር ስታልፍ አይታ እንዳትቆጣት። እያሰብኩ ብሩሹን እስኪመለጥ አጠብኩት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከባቡሩ ስትወርድ እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳ ነበር። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን እንድትሰበስብ ስጠይቃት «ዛሬ በርዶኛል፣ የኔ እናት» አለች። ያኔ ጥርጣሬዬ እርግጥ ሆነ። ሌሎቹ እናቶች ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለጂልሶን በዚያ ቀን «የታለ?» ተባለለት፤ እናቱ ተነስታ ጨፈረች፣ እሱም ሰፊውን ብሩሽ እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ዞረን። እናቴ ከሁሉም በላይ አጨበጨበችለት። ሹራቧን ግን አላወለቀችም። ብልቃጤን ሳልከፍተው ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ሳምንት መጣ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቤት ውስጥ ናት። ረቡዕ! አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፣ ሻንጣዋ በር ሥር ነው። ሴትየዋ የዓይኗን ቢጫነት አይታ «ልጆቼን ታስይዢብኛለሽ» ብላ አሰናብታት ኖሯል። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ሥራዋን ለእኔ ብላ የተወች መሰለኝ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ጠረኗ ተለውጦ ነበር፤ የላይኛው ከተማ ሳሙና ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ አክስቴ ቫንዳ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። እዚያ ጥቂት ቀን አቆዩዋት፣ ከዚያ ወደ ቤት መለሷት። ሰፈሩን በሙሉ እየዞርኩ «እናቴ ድናለች፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሏት» ብዬ አወራሁ። ሐኪም ቤት የሚመልሰው የዳነውን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሰዎቹ ራሴን እየዳሰሱ «ጎሽ፣ ጎሽ» ይሉኝ ነበር። የጂልሶን እናት ግን ዓሣዋን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቆሽቷ ነበር፤ ካንሰር። ቀድሞ ቢታይስ ኖሮ? ብዬ ሐኪሟን ጓደኛዬን ጠይቄያታለሁ። «በዚያ ዘመን፣ ለናንተ ሰፈር ሰው?» አለችና ወሬውን ቀየረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እናቴ ባትደብቀውም ኖሮ መድኃኒቱ የሚገኘው ከእኛ ሰፈር ራቅ ብሎ ነበር።

እኔ ግን እናቴን ቀኑን ሙሉ አገኘኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ሳይሆን እያየሁ በጠበጥኩ። ብልቃጦቼን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ደረደርኩ። ሹራቧ ወልቋል፤ ክንዷ ቀጥኖ የእኔን ክንድ ሊያክል ደርሷል። እሷ ዓይኗን ጨፍና «አሁን ምን ጨመርሽ?» ትለኛለች። «ቢጫ» እላለሁ። «አሁንስ?» «ትንሽ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ብጤ እንዲሆን።» «አሁንስ?» «ቢጫ።» ትስቅና ሳል ያቋርጣታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ወደ አግዳሚው መሄድ ስላልቻለች ዶና ኔይዴ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ቀለሙን ክንዷ ላይ ቀባሁ። በአፌ እፍ እያልኩ አደረቅኩት። ዶና ኔይዴ በሩ ላይ ቆሙ፣ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። ክንዱን አዩ። በጣም ቆዩ። አክስቴ ቫንዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አየሁት» ሊሉ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል።

እናቴ ናት የተናገረችው። ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ ፈለገች፣ ፈለገች። «የታለ?» አለች። «ኢቮኔ፣ የታለ? ጠፋኝ እኮ!»

ጮኼ ዘለልኩ። ብልቃጡን ይዤ መንገድ ወጣሁና «አለፍኩ! አለፍኩ!» እያልኩ እስከ ሐዲዱ ሮጥኩ። ስመለስ ዶና ኔይዴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የእናቴን እጅ ይዘዋል፤ ሁለቱም ፊታቸው ርሷል። በእኔ ኮርተው ነው ብዬ አሰብኩ። ኮርተውም ነበር፤ ያን ያህሉን አልተሳሳትኩም። የቀረውን ነው ያላየሁት። ያ ቀለም እውነት ስለነበር፣ ስለ በሽታዋ ከእንግዲህ ምንም የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

እናቴ ማክሰኞ ሞተች። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ሰፈሩ በየደጁ እሳት ሲያነድ የእኛ ደጅ ጨለማ ነበር። ግድግዳው በጊዜው አላለቀም፤ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር፣ የእኔ። ከበዓሉ በኋላ ዶና ኔይዴ ሰፊውን ብሩሽ ሰጡኝ። እኔም ብልቃጡን ከፍቼ እናቴን ሳልኳት።

የሌሎቹ እናቶች ያበራሉ። የእኔ እናት መሐላቸው አመድማ ቢጫ ሆና ቆመች። መንገደኛ ሁሉ «ይቺ ደግሞ ማናት፣ ወባ የያዛት?» ይል ነበር። አክስቴ ቫንዳ ግድግዳው ፊት ቆማ አለቀሰች። «ኔይዴ፣ ይቺ እህቴ አይደለችም። እህቴን ታውቂያታለሽ፣ ታበራ ነበር! ልጅ ናት፣ አታውቅም፤ አንቺ አስተካክዪው» አለች። ዶና ኔይዴ «ያየችውን ነው የሳለችው። ማንም እንዳይነካት» አሉ። እኔ የሚያወሩት አልገባኝም። ለእኔ ያቺ በትክክል እናቴ ነበረች፤ ራሷ እናቴ አረጋግጣልኛለች።

የባሕሩ ጨው ግድግዳ ይበላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት እያንዳንዱ የእናቱን ፊት ያድሳል፤ ይህ ዛሬም የማኅበሩ ልማድ ነው። ዶና ኔይዴ አልፈዋል፤ ከአምስቱ አንዳቸውም የሉም። የጂልሶን እናት በሕይወት አለች፣ ግድግዳው ላይም ከዓመት ዓመት ታረጃለች። ፀጉሯን ነጭ አድርጎላታል፣ ጉንጯን አጉድሎላታል። እሷም «አንተ ባለጌ፣ ጥርሴን መልስልኝ» እያለች ትጨቃጨቀዋለች። የእኔ እናት ግን በሠላሳ ሁለት ዓመቷ እዚያው ናት፣ እንደ ቢጫነቷ። አሁን እኔ ታላቋ ነኝ።

ዘንድሮ አክስቴ ቫንዳ በምርኩዝ መጣች። ሰማንያ አልፏታል። «ከመሞቴ በፊት አንዴ ደህና አድርጊያት» አለችኝ። «አንዴ ብቻ፣ ኢቮኔ። በሽታ ሳይነካት የነበረችውን።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እኔ አባቴን ነው የመሰልኩት፤ አክስቴም ከሌላ አባት ናት፣ ቀላ ትላለች። ያለን አንድ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚህ አክስቴን ወንበር ሰጥቼ ከግድግዳው ፊት ለፊት አስቀመጥኳት፣ እሷ እየነገረችኝ እኔ ልበጠብጥ። ቀይ ጨመርኩ። «አይ፣ በዛ።» ሰማያዊ ጨመርኩ። «አሁን ጠቆረች።» ሞቅ አደረግኩት። «ቀረብሽ… ቆይ። አይደለም።» ጉንጯ ላይ እየቀባሁ እየጠረግኩ ከሰዓቱን ሙሉ ሠራን። እኔም በልቤ ፈለግኩ። ቢጫው ከመግባቱ በፊት ሁለት ቅዳሜ ነበሩ፤ አንዱን ቅዳሜ ለጥቂት ደርሼበት ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የሚመጣልኝ ያ አልጋ ላይ ያለው ክንድ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በልቤ አጥንቼ የያዝኩት የበሽታውን ቀለም ነበር።

ወደ አክስቴ ዞር ስል ምርኩዟን ደረቷ ላይ አስደግፋ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ረሳሁት» አለች። «ልጄ፣ ረሳሁት። ይሄን ሁሉ ዓመት ‹አስተካክዪው› እያልኩ ስነዘንዝሽ እኔ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አሁን ስፈልገው የለም። እኔም የማስታውሳት እንደዚች ነው» ብላ በምርኩዟ ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አብረን አለቀስን። ባቡር አለፈ። ከፉርጎው መስኮት ልጆች እጃቸውን አውለበለቡልን።

ከዚያ ጨርቅ አርጥቤ አዲሱን ቀለም ከእናቴ ጉንጭ ላይ ጠረግኩ፣ የቢጫውንም ብልቃጥ ከፈትኩ።